የተላጠ ግንድ፣ የተጫረ መሬት

የጥዱ ቅርፊት ከጉልበት እስከ ወገብ ተልጧል። ከሥሩ ብቅ ያለው እንጨት ቀላ ያለና ገና እርጥብ ነው፤ የነካው ጣት ላይ ሙጫ ይጣበቃል። ከግንዱ ግርጌ፣ በረገፈው ቅጠል ላይ፣ ፍቅፋቂው ክር ክር ሆኖ ተበትኗል። ጋሼ ጣታቸውን አሸተቱና ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት።

«እስቲ አሽትተው። ምን ምን ይላል?»

«ጥድ ጥድ ይላል፣ ጋሼ።»

«የአርሲ ጥድ ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ።

ቀልዱ ከእውነት ብዙም አልራቀም። አሜሪካኖች ቀይ ሴዳር የሚሉት ይህ ዛፍ ከአበሻ ጥድ ጋር የአንድ ወገን ነው። ለዚህ መከራ የዳረገውም ሽታው ነው። ወንድ አጋዘን ቀንዱን ለማሻሸት የሚመርጠው ሽታቸው ጠንከር ያለ፣ ታችኛው ግንዳቸው ደግሞ ቅርንጫፍ ያልበዛበት ለጋ ዛፎችን ነው።

ያለነው በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከሸነንዶዋ ሸለቆ በስተምዕራብ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። ኦክቶበር ሊያልቅ ነው። ጋሼ ተወልደው ያደጉት አርሲ ነው፤ የሚኖሩት አሌክሳንድሪያ ሲሆን፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ታክሲ እየነዱ ነው። የአዳኝነት ሥልጠና ወስደዋል፤ ፈቃዳቸውን በየዓመቱ ያሳድሳሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ግን አልፈለጉም። «የሰንበቴ ማኅበርተኞቼ፣ እኚህ ሽማግሌ ጠመንጃ ይዘው ጫካ ለጫካ ይዞራሉ ይሉኛል» የሚል ነው ምክንያታቸው።

ዛሬ ጠመንጃ አልያዙም። የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ከኖቬምበር ሦስተኛ ሰኞ ቀድሞ ባለው ቅዳሜ ነው፤ አሁን የቀስተኞች ጊዜ ነው። የመጡት ምልክት ሊያነብቡ ነው።

አጋዘን ሲባል አገር ቤት ላደገ ሰው የባሌና የአርሲ የደጋ አጋዘን ሊታወሰው ይችላል። የሁለቱ ዝምድና ሩቅ ነው። የደጋ አጋዘን ከከብትና ከፍየል ቤተሰብ ነው፤ የተጠማዘዘው ቀንዱ አንዴ ከወጣ እስኪሞት አይለየውም። የቨርጂኒያው ነጭ ጭራ አጋዘን ግን ቀንዱን በየዓመቱ በብርዱ ወራት ይጥላል፤ በጸደይ እንደገና ያበቅላል። በበጋው ወራት ቀንዱ የሚያድገው ደም ሥር በሞላው ለስላሳ ጸጉራም ቆዳ ተሸፍኖ ነው። ቀኑ ማጠር ሲጀምር የወንዴው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ ቀንዱ ይጠነክራል፤ ቆዳው ይደርቅና ተገሽልጦ ይወድቃል።

ብዙ ሰው የተላጠ ግንድ ሲያይ «ቀንዱን ሲያጸዳ ነው» ብሎ ያልፋል። ያ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር መግቢያ ላይ፣ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ የሚያልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ለወራት የሚላጠው ዛፍ ሁሉ ሌላ ጉዳይ አለው። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ላሪ ማርቺንተንና ተማሪዎቻቸው ከ1970ዎቹ ጀምረው ይህን ጉዳይ ሲያጠኑ ቆይተዋል። ወንዱ አጋዘን ግንድ ሲያሻሽ በቀንዱ ቅርፊቱን ይልጣል፤ ግንባሩ ላይ ካሉት ዕጢዎች የሚወጣውን ሽታ ደግሞ በተላጠው እንጨት ላይ ይቀባል። በስሪያ ወራት እነዚህ ዕጢዎች በተለይ በጎለመሱት ወንዶች ላይ በርትተው ይሠራሉ። የሚያልፍ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ቆም ብሎ ያሸታል። ነጭ ሆኖ ከሩቅ የሚታየው ግንድ ዓይንን ይጠራል፤ ዋናው መልእክት ያለው ግን ሽታው ውስጥ ነው፤ ሰው ደግሞ ያን አያነብም።

ስለዚህ ለአዳኙ የሚቀረው ፍርፋሪ ነው። ከፍርፋሪው ምን ያህል ማውጣት ይቻላል?

ጋሼ መጀመሪያ የሚያዩት የግንዱን ውፍረት ነው። አውራ ጣት የሚያህል ቀጭን ዛፍ ማንም ይልጠዋል፤ የዓመት ተኩል ጎረምሳም፣ አንጋፋውም። የሰው ጭን የሚያህለውን ግን ጎረምሶች እምብዛም አይደፍሩትም። ቀጥለው ከግንዱ ጀርባና ጎን ያሉትን ትንንሽ ቅርንጫፎች ይመረምራሉ፤ ረጅም የቀንድ ጫፍ ግንዱን አልፎ ጎረቤቱን ዛፍ ቧጥጦት ይገኛል። ከዚያ የተላጠው ጎን ወዴት እንደዞረ ያስተውላሉ። አጋዘኑ ግንዱን የሚገጥመው በመጣበት በኩል ቆሞ ስለሆነ፣ የተላጠው ፊት ብዙ ጊዜ መነሻውን ያመለክታል። በአንድ መስመር ላይ ሦስት አራት ግንዶች በተመሳሳይ ጎን ከተላጡ የጠዋት መንገዱ ነው ወይስ የማታ የሚለውን መገመት ይቻላል፦ ፊታቸው ወደ እርሻው ካየ ከምግብ ወደ መኝታው ሲመለስ፣ ወደ ጥቅጥቁ ጫካ ካየ ከመኝታው ሲወጣ።

አንዳንድ ዛፍ ደግሞ አለ፣ በየዓመቱ የሚላጥ። የአሮጌው ጠባሳ ጠርዝ ድኖ አብጦ፣ መሐሉ ላይ አዲስ ቁስል። ትውልድ ያልፋል፤ ዛፉ ይቀራል። ጋሼ እንዲህ ያለውን ሲያገኙ ስልካቸው ላይ ቦታውን ይመዘግባሉ። ሌላውን ሁሉ ዓይተው ያልፉታል።

ይህ ማለፍ ነው ትልቁ ችሎታ ብዬ የማምነው። ጀማሪ አዳኝ የተላጠ ግንድ ሲያገኝ ልቡ ይመታል፤ እዚያው ማማ ሠርቶ ይቀመጣል። ነገር ግን የሴፕቴምበር ግንድ የሴፕቴምበር ታሪክ ነው። ያኔ ወንዶቹ ገና በመንጋ ሆነው በሰላም ይሰማራሉ፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይበታተናሉ። የኦክ ፍሬ መርገፍ ሲጀምር ሜዳ ላይ ይግጥ የነበረው ሁሉ ወደ ጫካው ይገባል። የትናንቱ መንገድ ዛሬ ሣር ሊበቅልበት ይችላል። ደረቅና ግራጫ የሆነ ቁስል፣ ፍቅፋቂው በቅጠል የተሸፈነ ግንድ፣ «ነበር» ነው የሚለው።

*

ከጥዱ ወደ መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ የቆየ የእንጨት ማመላለሻ መንገድ ዳር፣ ጋሼ በእጃቸው አቆሙኝ። መሬቱ ላይ የምድጃ ያህል ስፋት ያለው ቦታ ቅጠሉ ተጠርጎ፣ ጥቁር አፈር ወጥቶ፣ በኮቴ ተጭሯል። እኔ ወደ አፈሩ አጎነበስኩ። እሳቸው ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ከተጫረው መሬት በላይ፣ በሰው ደረት ትክክል፣ አንድ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ተቀንጥሶ፣ ታኝኮ፣ ተንጨፍርሯል።

«ዋናው እሱ ነው» አሉ። «ይህን ቅርንጫፍ ብትቆርጠው ከሥር ያለውን መሬት ዞር ብሎ የሚያየው የለም።»

በዚህ ነገር ተመራማሪዎቹም ከጋሼ ጋር ይስማማሉ። ወንዱ ሲመጣ በመጀመሪያ ቅርንጫፉን በአፉ ይይዛል፣ ይልሳል፣ በግንባሩና ከዓይኑ ጥግ ባለው ዕጢ ያሸዋል። ከዚያ ከሥሩ ያለውን መሬት በፊት እግሮቹ ይጭራል። በመጨረሻ የኋላ ጉልበቶቹን አጋጥሞ፣ ቋንጃው ውስጠኛ ጎን ላይ ባሉት ጸጉራም ዕጢዎች ላይ እያወረደ ይሸናል። ይህ የቋንጃ ጸጉር በስሪያ ወራት ጠቁሮና ተጣብቆ ይታያል፤ ሽታው ለሰው አፍንጫ እንኳ አይመችም። የተጫረው መሬት የሚታየው በመከር ነው፤ ቅርንጫፉን ግን ወንዶቹም ሴቶቹም ዓመቱን ሙሉ ያሸታሉ፣ ይልሳሉ።

አዳኞች ለረጅም ጊዜ «የእከሌ ጭረት» እያሉ አንዱን ቦታ ለአንድ ወንድ ይሰጡ ነበር። በሌሊት የሚሠሩ ካሜራዎች ሲመጡ ይህ ፈረሰ። አንድ የተጫረ መሬት የብዙዎች ነው፦ ጎረምሳው ይመጣል፣ አንጋፋው ይመጣል፣ ሴቷም ታሸታለች። እንደ እድር ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያነብበዋል፣ የራሱንም ይለጥፍበታል።

ካሜራዎቹ ያመጡት ሌላው ወሬ ለአዳኝ የበለጠ መራራ ነው። እዚያው ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በካሜራ ተከታትለው በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ወደ ተጫሩ ቦታዎች ከተደረገው ጉብኝት 85 በመቶ ያህሉ በሌሊት ነበር። በቨርጂኒያ ሕግ አጋዘን መተኮስ የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ ድረስ ነው። እንግዲህ በጫካው ውስጥ ካሉት ምልክቶች ሁሉ አዲሱ፣ ጥቁሩ፣ ሽታው የሚሰነፍጠው ምልክት፣ ባለቤቱ አዳኙ አልጋው ላይ ሳለ መጥቶ የሄደበት ነው።

ጋሼ ካሜራ አላቸው። ፎቶዎቹን በስልካቸው አሳዩኝ፤ ዓይናቸው የሚያበራ አጋዘኖች፣ ከበስተጀርባቸው ጨለማ። «ይኸው» አሉ፣ «ሌሊት ነው። ይሄም ሌሊት። ይሄም። አንድ ጓደኛዬ እዚህች ጭረት ላይ ወቅቱን ሙሉ ተቀምጦ ያየው ቅጠል ብቻ ነው።»

ታዲያ ምልክቱ ምን ይጠቅማል? ለጊዜ መቁጠሪያ ይጠቅማል። ሴት ነጭ ጭራ አጋዘን ወንድ የምትፈልገው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ካልጸነሰች ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ይመለስባታል። እርግዝናዋ ወደ 200 ቀን ስለሚጠጋ፣ በኖቬምበር አጋማሽ የጸነሰችው ግልገሏን የምትጥለው በሜይ መጨረሻና በጁን መግቢያ፣ ልምላሜው በበዛበት ሰዓት ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል አብዛኞቹ ሴቶች የሚጸንሱት በኖቬምበር መሐል ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ሰዓቱን የሚቆርጠውም የአየሩ ቅዝቃዜ ሳይሆን የቀኑ ርዝመት ነው። ወንዶቹ ግን ከዚያ ቀደም ብለው ይዘጋጃሉ። መሬት መጫሩ የሚያይለው በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር የመጀመሪያ ቀናት፣ ሴቶቹ ገና እሺ ሳይሉ ነው። ሴቶቹ እሺ ሲሉ ወንዱ ለቅርንጫፍና ለአፈር ጊዜ የለውም፤ አንዷን ይከተላል፣ አብሯት ይውላል፣ ከዚያ ሌላ ይፈልጋል።

በዚያ ሳምንት የተጫረው መሬት ቅጠል ይለብሳል። ጀማሪው «አጋዘኑ ሄደ» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ያኔ ነው። ጋሼ ወደ ጫካ የሚገቡት ያኔ ነው። ዝም ያለ ምልክትም ምልክት መሆኑን ለማወቅ ብዙ ዓመት እንደፈጀባቸው ነግረውኛል፤ እኔ ደግሞ የዚህ ሥራ ጥበብ ሁሉ እዚህ ላይ የተቋጠረ ይመስለኛል።

ወንዱ በጠራራ ቀን ሳይጠነቀቅ ሲሮጥ የሚታየውም በዚሁ ሰሞን ነው። በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ መንገዶች በምሽት የሚነዳ የአገራችን ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ የአጋዘንና የመኪና ግጭት የሚበዛው በኖቬምበር ነው። አንዷ ሮጣ ስታቋርጥ ፍሬን የያዘ ሹፌር ወዲያው እግሩን ባያነሳ ይሻለዋል፤ ከኋላዋ የሚከተል ወንድ ሊኖር ይችላል።

*

ሰሜን ሲሄዱ ነገሩ ይለወጣል። በቨርሞንትና በሜይን ሰፋፊ ደኖች በኖቬምበር በረዶ ይጥላል፤ እዚያ አዳኙ ማማ ላይ አይቀመጥም፤ ዱካ ይዞ ይሄዳል። በዚህ አደን ስማቸው የገነነው የቨርሞንቱ ላሪ ቤኖይትና ልጆቻቸው ናቸው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጣው የላሪ መጽሐፍ የአንድ ትውልድ አዳኞችን ከማማ አውርዶ በበረዶ ላይ አስኬዷል።

በበረዶ ላይ የወንድና የሴት ዱካ መለየት እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ከኮቴው በስተኋላ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ጥፍሮች ከታተሙ ወንድ ነው የሚል አባባል አለ፤ አትመኑት። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ወይም እንስሳው ከሮጠ የሴቷም ይታተማል። በረዶው ከጠለቀ ሁሉም እግሩን ይጎትታል። የተሻለ የሚናገረው ዱካው ረዘም ላለ መንገድ ሲታይ ነው። የከበደ ወንድ ግራና ቀኝ እግሩ ራቅ ራቅ ይላል፤ ቀንዱ የማያሳልፈውን ጥሻ ይዞራል፤ ቀንዱ በረዶ ያራገፈባቸው ቅርንጫፎች ይታያሉ። ሲሸና እየሄደ ያንጠባጥባል፤ ሴቷ ግን ቆማ ከኋላ እግሮቿ መካከል አንድ ቦታ ላይ ታደርገዋለች። ብቻውን የተኛበት ሰፊ መኝታ፣ ከግልገሎች ጋር ከተኛች እናት መኝታ ይለያል። ከዚያ ወዲያ እግር ነው፤ ዱካው እስካልቀዘቀዘ ድረስ መከተል።

ቨርጂኒያ ውስጥ በረዶ እንዲህ በሰዓቱ አይደርስም። ደረቅ የኦክ ቅጠል ላይ ዱካ ለመከተል የሚሞክር ሰው ራሱ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ማድባት ነው፤ ለሚያደባ ሰው ደግሞ ከምልክቱ ሁሉ የሚበልጠው ነፋሱ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሸንተረሩን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ምሽት ላይ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ያንን ያላሰበ ሰው ሽታው ቀድሞት ይሄዳል። ብርቱካናማ ልብሳችን ያጋልጠናል ብለው የሚፈሩ ሰዎች ግን ፍርሃታቸው ከንቱ ነው፦ አጋዘን ቀይና ብርቱካናማ አጥርቶ አይለይም፤ ሕጉ የሚያስለብሰው ብርቱካናማ ሰደርያ ለሌሎች አዳኞች የሚጮኸውን ያህል ለእሱ አይጮህም። ሰማያዊን ግን በደንብ ያያል። ጋሼ ጂንስ የለበሰ ሰው መኪናቸው ውስጥ እንኳ አያስገቡም።

*

ስለ ተጫረው መሬት ከተነሳ አንድ ደስ የማይል ነገር ሳይነገር አይታለፍም። በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ በምርምር ጣቢያ የተያዙ አጋዘኖች እየከሱ፣ ምራቃቸው እየተዝረበረበ ሲሞቱ ታየ። መንስኤው ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ሳይሆን ፕሪዮን የሚባል ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው፤ አንጎልን ያበሳሳል፤ መድኃኒትም ክትባትም የለውም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የሚተላለፈው በምራቅ፣ በሽንትና በዓይነ ምድር ነው። ብዙ አጋዘን አንድ ቅርንጫፍ የሚልስበት፣ አንድ አፈር ላይ የሚሸናበት ቦታ ለእንዲህ ያለ በሽታ ምን እንደሚመስል ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። በቅርቡ በቴነሲ ተመራማሪዎች ከተጫረ አፈርና ከተላሰ ቅርንጫፍ በወሰዱት ናሙና ላይ ፕሪዮኑን አግኝተውታል።

ይህ በሽታ ቨርጂኒያ የገባው ከደርዘን ዓመታት በላይ ይሆነዋል፤ መጀመሪያ የተገኘውም ከሸነንዶዋ ሸለቆ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። አዳኞች በየሱቁ እየገዙ መሬት ላይ ያፈሱት የነበረው የአጋዘን ሽንት በግዛቱ ከ2015 ጀምሮ ተከልክሏል። በሽታው በብዛት በታየባቸው አካባቢዎች የተገደለ አጋዘንን እንዳለ ጭኖ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድም ገደብ አለበት። እስካሁን ሰው ላይ መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ ቢሆንም የጤና ባለሥልጣናት በሽታው ካለበት አካባቢ የተገኘ ሥጋ እንዲመረመር፣ በሽታው ከተገኘበትም እንዳይበላ ይመክራሉ።

እርግጥ ይህ ሁሉ ሥጋት የሚነሳው አጋዘን ስላለ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ጨርሰውት በመላው አሜሪካ የቀረው ነጭ ጭራ ግማሽ ሚሊዮን ቢሞላ ነበር። በ1900 በሕገወጥ መንገድ የታደነ ሥጋ ከግዛት ግዛት መነገድ ተከለከለ፤ በ1937 ደግሞ በጠመንጃና በጥይት ላይ የተጣለው ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ተወሰነ። ዛሬ ቁጥሩ ወደ 30 ሚሊዮን ይገመታል። አሁን የሰሜን ቨርጂኒያዋ ፌርፋክስ ጓሮ አትክልት ባለቤቶች የሚያማርሩት መብዛቱን ነው።

*

የጠመንጃው ወቅት በተከፈተበት ቅዳሜ እኔ አብሬያቸው አልነበርኩም። ማምሻውን በስልክ ነገሩኝ።

ማማቸውን ያቆሙት ከጭረቱ ርቀው፣ ሴቶቹ ከሚተኙበት ጥሻ በሚወርደው ሸንተረር ላይ፣ ነፋሱን ፊታቸው ላይ አድርገው ነው። ጭረቱ ከቀናት በፊት ቅጠል ለብሶ ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ እየተጣደፈች አለፈች። ጋሼ አልተኮሱም፤ ወደ መጣችበት አነጣጥረው ቆዩ። አፍንጫውን መሬት ላይ ጥሎ፣ እያጉረመረመ መጣ።

ገድያለሁ ብለው ሲፎክሩ ልሰማ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። እሳቸው ግን ያወሩልኝ ስለ ወረቀቱ ነው። እዚያው ጫካ ውስጥ ሳሉ በስልካቸው ለዱር እንስሳት ሀብት መምሪያ አስመዘገቡ። ሥጋውን አጥንቱን ለይተው ቆራረጡት። ራሱን ለምርመራ መምሪያው ባስቀመጠው ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥለው መጡ።

ባለቤታቸው ድሮ «ድስቴን አታስነኩ» ይሉ ነበር። ዋላና ሚዳቋ በኦሪቱ ከሚበሉት ተቆጥረዋል ተብሎ፣ ቄሱም ተጠይቀው፣ ነገሩ ረገበ። ሥጋው ጮማ የለውም፤ ጥብሱ ቅቤ ካልበዛበት ይደርቃል፤ ለቋንጣ ግን የሚተካከለው የለም። ክትፎ አይታሰብም፤ የዱር ሥጋ ጥገኛ ተሕዋስያን ስላሉት በደንብ መብሰል አለበት።

«የምርመራው ውጤት መቼ ይመጣል?» አልኳቸው።

«ሳምንታት ይፈጃል ይላሉ።»

«ታዲያ እስከዚያ?»

«ፍሪዘር ውስጥ ነዋ። ምን ያስቸኩለኛል ልጄ፣ ጾመ ነቢያት ሊገባ ቀናት ነው የቀሩት። እስከ ገና ማን ይበላዋል?»